ጉሬዛን በካሜራ ለምትከተሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከጅማ ወደ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲበዛ ማየት ደስ ይላል። ፎቶው የሚበላሸው ግን ካሜራው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ በአጠቃቀም ነው።

ጉሬዛን እንውሰድ። ዛፍ ላይ ሆኖ ሰማይ ከኋላው ሲሆን ካሜራው በብርሃኑ ይታለልና ምስሉን ያጠቁራል። ፊቱ ከሰል ይመስላል፣ ዓይኑም ይጠፋል። የብርሃን ማስተካከያውን (ካሜራው ላይ የ+/- ምልክት ያለበትን) ከ1 እስከ 1.5 ከፍ ማድረግ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ካረፈችበት ግን ወደ 0 መልሱት፤ አለዚያ ነጩ ጎፈሩ ጨርቅ መስሎ ይቀራል። ሲዘል ለመያዝ የሹተር ፍጥነቱ (የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ። በጫካ ጥላ ይህን ለማግኘት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ፎቶው ትንሽ ይሻክራል፤ ከመደብዘዝ ግን በጣም ይሻላል።

ከመኪና መስኮት ስታነሱ ሞተሩን አጥፉ፤ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ንዝረቱ ጎልቶ ይወጣል። 2 ኪሎ ባቄላ የያዘ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አሳርፉበት። ለመኪና ከዚህ የተሻለ መደገፊያ የለም።

የኛ አገር እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከጉዞ ስትመለሱ ካሜራውን እርጥብ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት፤ መጀመሪያ ይድረቅ።

ዝሆን ጆሮውን ዘርግቶ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ፎቶው ይቅር፤ ከስካውቱ (ከፓርኩ ጠባቂ) ሳትለዩ ቀስ ብላችሁ ራቁ። እዚሁ ቦዬ ረግረግ ለምትሄዱም፣ በጉማሬና በውሃው መካከል ፈጽሞ አትቁሙ።

ከጅማ