ስለ ሲጋር ቅምሻ፦ ከመደርደሪያው እንጀምር

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በእጅ ስለሚጠቀለል ውድ ሲጋር አቀማመስ ባለፈው ወር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ባሕር ዳር ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጣና ዳር ካለ አንድ ሆቴል ሲጋር ገዝተው፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ለኩሰው፣ ጣዕሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተከታተሉ በኋላ ከዋጋው በቀር የሚያስደንቅ ነገር የሌለው፣ መራራና ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ቅን ፍርድ ነው። ነገር ግን ያ ምሬት የሲጋሩ ሳይሆን ሲጋሩ የከረመበት መደርደሪያ ሥራ ይመስለኛል፤ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው።

ማንንም ወደ ማጨስ እየጠራሁ አይደለም። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ትንባሆ ማስተዋወቅን ስለሚከለክል የየትኛውንም ፋብሪካ ስም አልጠራም። ስለ ነገሩ ለመናገር የደፈርኩት በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ በመሆኔ ነው። በወጣቶች ደሴት ግማሹን ቀን እየተማርን፣ ግማሹን ብርቱካን እየለቀምን አደግን፤ በኋላም ግብርና ለመማር የትንባሆ አገር ወደሆነችው ፒናር ዴል ሪዮ አቀናሁ። ከተመለስኩ ወዲህ እንጀራዬ ቡና መቅመስ ነው።

ጸሐፊው «የጠቆረው ሲጋር ይከብዳል» ያሉት በብዙ ሰው ዘንድ ያለ ስሕተት ነው። ክብደቱ፣ ማለትም የጭሱ ኃይለኛነት፣ የሚመጣው በዐይን ከማይታየው ከውስጡ ነው። ከትንባሆው ተክል ጫፍ የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ወፍራም ቅጠል ሊሄሮ ይባላል፤ ኃይለኛ ነው፣ በዝግታም ይነድዳል፤ ስለዚህ የሚጠቀልለው ሠራተኛ መሃል ላይ ያደርገዋል። ከተክሉ ወገብ የሚገኘው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ከሥር ያለው ቮላዶ ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ይህ ሙሌት በአንድ ጠንካራ ቅጠል ከታቀፈ በኋላ በስስ ልባስ ይጠቀለላል። ኩባ ውስጥ የልባሱ ቅጠል የሚያድገው በጨርቅ ጥላ ሥር ነው፤ የእኛ የዘጌ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚያድገው መሆኑ ነው። የልባሱ ጥቁረት ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ ረዘም ላለ ጊዜ ተከምሮ በመብላላቱ የሚመጣ ሲሆን እንዲያውም ጣፈጥ ያደርገዋል። (ለጋዜጣ ሰው ደስ የሚል ነገር ልጨምር፦ እነዚያ ሠራተኞች ሲጠቀልሉ ከፍ ካለ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንባቢ ጋዜጣ ያነብላቸዋል፤ ልማዱ ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው።)

አሁን ወደ መደርደሪያው ልመለስ። ባለፈው መጋቢት ስሙን ከማልጠቅሰው የሐይቅ ዳር ሆቴል ከአንድ ሣጥን አምስት ሲጋር ገዛሁ። ሣጥኑ የተቀመጠው ከቡና ማሽኑ አጠገብ፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት በሚያገኘው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ከተማችን ሐይቅ ዳር ስለሆነች አየሯ ሁልጊዜ እርጥብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነንና ከጥር እስከ ሚያዝያ የቤታችን በር ሳይቀር ደርቆ ይሰነጠቃል። አንዱን ሲጋር በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ ቀስ ብዬ ስጫነው እንደ ደረቀ ጌሾ ተንኮሻኮሸ። ደኅና ሲጋር ሲጫኑት ጥቂት ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይነሣል። ስለኩሰው ልባሱ ተሰነጠቀ፤ እሳቱም በአንድ ወገን ብቻ ሮጦ ሌላውን ወገን እንደ ታንኳ አፍንጫ ቀስሮ ተወው። ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሮቡስቶ የሚሉት ልክ ነበር፤ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት ሲገባው በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ጣዕሙ? ጸሐፊው እንዳሉት ነው፤ መራራና ጉሮሮ የሚቧጥጥ። የደረቀ ትንባሆ በፍጥነትና በኃይል ስለሚነድድ ጭሱ ይግላል፤ የጋለ ጭስ ደግሞ ከምሬት በቀር ምንም አያስለይም።

የቀሩትን አራቱን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የምግብ ዕቃ ውስጥ፣ በንጹሕ ውሃ ከራሰ ስፖንጅና ከአንድ የእርጥበት መለኪያ ጋር አስቀመጥኳቸው። መለኪያውን አስቀድሜ ፈትሼዋለሁ፤ በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው በጥቂት ውሃ አርሶ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ሲያሳድሩት 75 በመቶ ካላሳየ መለኪያው ይዋሻል። ለሲጋር የሚስማማው ከ65 እስከ 70 በመቶ ያለው ነው። መቸኮል ግን አይገባም፤ ውስጡ በአንድ ጊዜ ካበጠ ስሱ ልባስ ይፈነዳል። እንጨትን በተመለከተ ጸሐፊው «የጽድ ሣጥን» ሲሉ የመከሩት በትርጉም የመጣ ስሕተት ይመስለኛል። የሲጋር ሣጥን የሚሠራበት፣ እስፓኞች ሴድሮ የሚሉት ዛፍ ከማሆጋኒ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ዛፍ ነው። የእኛ ጽድ ሽታው ኃይለኛ በመሆኑ ሲጋሩን በሙሉ የልብስ ሣጥን ሣጥን ያሸተዋል።

በግንቦት ሁለተኛውን አወጣሁ። ከመለኮሴ በፊት ጫፉን ቆርጬ እንዲሁ በባዶው ሳብኩት፤ አየሩ ሳይታፈን መጣ፣ ደረቅ ሣርና የቡና ገለፈት ሸተተኝ። የቤንዚን ላይተር ሽታውን ስለሚያሳድርበት በክብሪት፣ ድኙ ነድዶ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ጫፉን ከነበልባሉ ትንሽ አርቄ እያዞርኩ ለኮስኩት። በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እየሳብኩ ጭሱን ከአፌ አላሳለፍኩትም። መጀመሪያ ላይ ቁንዶ በርበሬ ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ ከዚያ የተቆላ ገብስ መጣ፤ ወደ መሃሉ ሲደርስ የለፋ ቆዳ የሚመስል ሽታ ያለው ለስላሳ ጣፋጭነት ተከተለ። የመጨረሻው ሲሶ ስለከበደኝ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ተውኩት። አመዱ ጠንከር ያለና እኩል የነደደ ነበር። ከአንድ ሣጥን የወጡ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ሲጋሮች ናቸው።

ጸሐፊው «የበረት ሽታ» ያሉት ነገር ግን በእርጥበት የሚስተካከል አይደለም። እሱ ቅጠሉ ተብላልቶና አርፎ ሳይጨርስ ሲጠቀለል የሚቀር አሞኒያ ነው፤ በዚህ ነጥብ ወቀሳቸው ትክክል ነው፣ ጥፋቱም የሠሪው ነው።

በቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ሲኒው የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ ባለቤቱን ያወቀ ምላስ ያዳላልና። ሲጋርም በወርቅ ቀለም የተጻፈበት የወረቀት ቀለበቱ ወልቆ፣ ዋጋው ሳይነገር ቢቀመስ ጸሐፊው የሚሰጡት ፍርድ ይለወጥ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ ላይለወጥም ይችላል። የቀሩት ሦስቱ ዕቃው ውስጥ አሉ፤ መለኪያው ዛሬ ጠዋት 67 በመቶ ያሳያል። ጸሐፊው ወደ ባሕር ዳር ብቅ ካሉ ከእነዚህ አንዱን፣ ከሆቴሉ መደርደሪያ ደግሞ አንዱን፣ ሁለቱንም ቀለበታቸውን አውልቄ አቀርብላቸዋለሁ። ቦታው ሕጉ እንደሚያዝዘው ከየትኛውም በርና መስኮት ከአሥር ሜትር በላይ ርቆ፣ ሐይቁ ዳር ይሆናል፤ የዘጌ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር