የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጥንዚዛና እንጉዳይ

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንጉዳይ ላይ ከተጣለው የጥንዚዛ እንቁላል ስንቱ ይፈለፈላል፣ ከተፈለፈለውስ እጭ ስንቱ ይተርፋል? ለሥራው የተመረጠው በጭድ ከረጢት የሚለማው ኦይስተር እንጉዳይ ነው። ከባርኔጣው ሥር ያሉት ስስ ንጣፎች ተጠጋግተው የተደረደሩ ስለሆኑ እርጥበት ይይዛሉ፤ እንቁላልም መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ መካከል ነው።

ከመቁጠር በፊት መለየት ይቀድማል። የጥንዚዛ እጭ ጠንካራ ራስና ደረቱ ላይ ሦስት ጥንድ እግር አለው። እንጉዳይ ላይ ከሚራቡት ትናንሽ ዝንቦች መካከል ግን የሲያሪድ ዝንብ እጭ ራሱ ጥቁርና አብረቅራቂ ሲሆን እግር የለውም፤ የፎሪድ ዝንብ እጭ ደግሞ ተለይቶ የሚታይ ራስ እንኳ የለውም። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ለዚህ ይበቃል። የጥንዚዛንና የዝንብን እጭ ያደባለቀ ቆጠራ ዋጋ የለውም።

እንቁላሎቹ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ እየተነሡ፣ አሥር አሥር ሆነው፣ እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ባለው ፔትሪ ሳህን (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የቤተ ሙከራ ሳህን) ይቀመጣሉ። ችግሩ ውኃው ላይ ነው። ወረቀቱ ከደረቀ እንቁላሉ ይጨማደዳል፤ ከበዛ ሻጋታ ይወርሰዋል፣ ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታም አዲስ የተፈለፈለውን እጭ ያሰጥመዋል። እጮቹ ሲያድጉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እርጥብ የተነፋ አፈር ወዳለው፣ አፉ በስስ ጨርቅ ወደታሰረ ብርጭቆ ይዛወራሉ፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ፑፓ (እጭ ወደ ጥንዚዛ የሚለወጥበት፣ የማይበላበት ደረጃ) ለመሆን ከምግባቸው ወርደው መደበቂያ ይሻሉና። እንጉዳዩ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። በትንሽ ቁራጭ ላይ ብዙ እጭ ከታጨቀ ቁራጩ ቀልጦ ይበሰብሳል፣ እጮቹም አብረው ያልቃሉ።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ እጭ ሲያድግ ያወለቀውን ቆዳ እንደ ሬሳ መቁጠር። የወለቀው ቆዳ ባዶና የተሰነጠቀ ነው።

ስሌቱም በየደረጃው ይሁን። ለምሳሌ ከ40 እንቁላል 30 ተፈልፍሎ 12 ፑፓ ቢሆን፣ መፈልፈሉ 75 ከመቶ፣ የእጭ መትረፍ 40 ከመቶ፣ ጥቅሉ 30 ከመቶ ነው። ጥቅሉን ብቻ የጻፈ ሞቱ በየትኛው ደረጃ እንደበዛ አያውቅም።

ለአምራቹ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ኦይስተር ቶሎ ስለሚበሰብስ እጩ የጊዜ እሽቅድምድም ውስጥ ነው፤ የባርኔጣው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ የተለቀመ እንጉዳይ ዕድገቱን ያቋርጥበታል። ከረጢቱ ላይ የቀረ ጉቶና መሬት የወደቀ ቁራጭ ግን ጊዜ ይሰጠዋል። በእኔ ግምት ጥንዚዛ አሳድዶ ከመያዝ ይልቅ ጉቶውን ነቅሎ በታሰረ ከረጢት ማውጣት ይበልጣል። ጭዱን ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ ቀድሞ የገባውን ተባይ ይገድላል እንጂ በኋላ በከረጢቱ ቀዳዳ የሚመጣውን አያግድም፤ ለዚያ በሩና መስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልጋል። በሚበላው እንጉዳይ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ከክበቡ ሙከራዎች ውጭ ተደርጓል።

ደረቅ እንጉዳይም ነጻ አይደለም። ሺታኬ የተባለውን የእንጉዳይ ዓይነት የሚያጠቃው ዳክኔ ፒክታ የተባለው ጥንዚዛ በደረቀውም ላይ ይራባል። በመጪው ዓመት አባላቱ በደረቅና በትኩስ እንጉዳይ ላይ የእጭን መትረፍ ጎን ለጎን ያነጻጽራሉ።