ስለ ቮልሷ ብሎኖች

ወንድሜ፣

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ። አንተም አልደወልክም፣ ግን እሱን ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን። አሁን የማወራህ ስለ ብሎን ነው። አዎ፣ ብሎን። ከስንት ጊዜ በኋላ የጻፈልኝ ለብሎን ነው ብለህ ለሰው ሁሉ እንደምታወራ አውቃለሁ፤ አውራ።

ቮልሷን ፈታኋት። እስከ መጨረሻው። አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ የጎማ ሽፋኖቹ፣ ወርደዋል፣ ሞተሩ ጥግ ላይ ጆንያ ለብሷል፣ ወንበሮቹ ሳሎን ገብተዋል። ሚስቴ በወንበሮቹ ጉዳይ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል እንደጠረጠርነው በስብሷል። እሱ አያሳስብም፣ ቆርቆሮ ተቆርጦ ይበየዳል። ልቤን የወሰዱት ብሎኖቹ ናቸው።

ሰፈሩ ይስቅብኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ እኔ ደግሞ በፈረንጆች 1966 የተሠራች ቮልስ ብሎን በአቼቶ እዘፈዝፋለሁ። ሱቅ ያለችው ልጅ አቼቶ ሳበዛባት "ጋሼ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ እንዴ?" አለችኝ።

አዲስ ግዛ ትለኛለህ። ሶማሌ ተራ ሄጃለሁ፣ ምናለሽ ተራም ወርጃለሁ። ያገኘሁት አዲስ ብሎን ያብረቀርቃል፣ ራሱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈበትም፤ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ሻጩም አያውቅም። የኛዎቹ ዝገታቸው ሲጠረግ የድሮው የጀርመን ምልክት ብቅ ይላል፣ 8ጂ የሚል። ዛሬ 8.8 የሚባለው ጥንካሬ ነው። የመጀመሪያውን ሳየው ጮህኩ፣ እውነቴን ነው። ወደ 60 ዓመት የሚጠጋው ብሎን ምን እንደሆነ እስካሁን ራሱ ላይ ይዞታል። እና እሱን ጥዬ ስም የለሽ ልግጠም?

አሠራሩን ልንገርህ፣ መቼም ካንተ ሌላ የሚሰማኝ የለም። መፍታቱ ራሱ ትግል ነበር። ሽማግሌው ሜካኒካችን (አሁንም ይሳደባል) መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው ይላል፣ ዝገቱ ሲላቀቅ ነው ወደ ኋላ የምትመልሰው። ናፍጣ ቀብተን እናሳድረዋለን። በጄ አልል ያለውን በእሳት እናግለውና ጧፍ እናስነካዋለን፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መሃል ሰርጎ ይገባል። አፌን ይዤ ቀረሁ። እናቴ ጧፉን የት አደረስከው ስትለኝ መብራት ጠፍቶ ነው አልኳት።

ከዚያ ግራሶውን በቤንዚን አጥባለሁ፣ አለበለዚያ አቼቶው ብረቱ ጋ አይደርስም። አቼቶ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ጥቁር ጭቃ ለብሶ ይወጣል፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ። ጥርሱን ሞርሳ ላይ አላስነክሰውም፤ ሁለት ዳዶ አስገባለትና ሞርሳው የሚይዘው ዳዶዎቹን ነው። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅ፣ አሲዱ እንዲሞት። እዚህ ላይ መዘናጋት የለም፣ እርጥቡን ትንሽ ከተውከው ዓይንህ እያየ ብርቱካንማ ዝገት ይለብሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ምጣድ ላይ አድርቀህ ዘይት ውስጥ መክተት ነው። (ምጣዱን ራሴ ገዝቼዋለሁ፣ እንዳትጀምረኝ።) አቼቶ የዚንክ ልባሱንም አብሮ ይበላዋል። ብሎኑ ራቁቱን ነው የሚወጣው፣ ዘይት ካልነካው ክረምቱን አይችልም።

የየፓራፋንጎውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስዬ ብሎኖቹን በየቦታቸው ሰክቻቸዋለሁ። ማታ ሻይ ይዤ አያቸዋለሁ። ዝም ብዬ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ከፊት እግሯና ከመሪዋ ከወጡት ውስጥ 10ኬ የተጻፈባቸው ነበሩ፣ የዛሬው 10.9 ማለት ነው፣ ከ8.8 የሚጠነክረው። የሽማግሌው ረዳት፣ ጎበዝ ልጅ ነው ግን ትዕግሥት የለውም፣ አቼቶው ዘገየበትና የባትሪ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። አምረው ወጡ። ከሁሉም አምረው። ግን አሲድ ብረት ሲበላ ሃይድሮጂን ይፈጠራል፣ ያ ሃይድሮጂን ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። 8.8ን ብዙም አያሰጋውም፤ ብረቱ እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ግን እንደ ሸክላ ይሰብረዋል። ስታጠብቀው ምንም አይልህም። ከሰዓታት ወይ ከቀናት በኋላ፣ መኪናዋ ቆማም ቢሆን፣ ቀጭ። ከአሲዱ እንደወጣ ወደ 200 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይ ሃይድሮጂኑ ይወጣለት ነበር። እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ለሽማግሌው ስነግረው "ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በአሲድ ስናጥብ ማን ሞተ?" አለኝ። የሞተስ ቢኖር ብሎኑ ነው ብሎ ማን ይመሰክራል? አልገጥማቸውም። ፓራፋንጎ ቢሆን እሺ። የእንጦጦን ቁልቁለት እየወረድኩ ስለ ሃይድሮጂን ማሰብ አልፈልግም።

እና... እንዴት እንደምልህ አላውቅም። ስለ መሸጥ የተባባልነው ነገር። ገዢው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ዋጋውም ጥሩ ነበር። አልሸጥኳትም። ድርሻህን የምትጠብቅ መሰለኝና ስልኩን ማንሳት ከበደኝ፣ ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ግማሿ አሁንም ያንተ ናት። ወይ ቀስ እያልኩ እከፍልሃለሁ፣ ወይ መጥተህ ግማሽህን ትነዳለህ። የኋላውን ግማሽ ግን አልሰጥህም፣ ሞተሩ እዚያ ነው።

ቅር ካላለህ አንድ ነገር ፈልግልኝ። እዚያ ጀርመን የቮልስ ዕቃ የሚሸጡ ሞልተዋል። የመሪና የፊት እግር ብሎኖች፣ ራሳቸው ላይ 10.9 የተጻፈባቸው። እሱ ካልተጻፈበት ርካሽ ቢሆንም ተወው። አንድ ቆርቆሮ የመዳብ ግራሶም ጨምርበት፣ ለማርሚታው ዳዶዎች ነው፣ በሙቀት እንዳይጣበቁ። ሽማግሌውን ያኔ አጠገቡ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ግራሶ የተቀባ ብሎን እንደ ደረቁ ከጠበቀ ከልኩ በላይ ይሳባል፣ እሱ ደግሞ እጁ ከባድ ነው። በፖስታ አትላከው፣ ሰው ሲመጣ ይሻላል። ወይ ራስህ ይዘኸው ና፣ እንደ ቀልድ አይደለም የምልህ።

ርዝመታቸውን ዛሬ ማታ ለክቼ ከነፎቷቸው እልክልሃለሁ። ስልክህ ያው የድሮው ነው አይደል?