ማርኩዊስ ከዱክ ቀጥሎ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዝ መኳንንት ባወጣችሁት ጽሑፍ ማርኩዊስ የተባለው የመኳንንት ማዕረግ ከኧርል በታች መቀመጡ መታረም ስላለበት ይህን ጽፌአለሁ። ማዕረጉ ከዱክ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲሆን፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ከእርሱ በታች ይሰለፋሉ። ልዩነቱ በዘውዳቸው ላይ ሳይቀር ይታያል፤ በዱክ ዘውድ ላይ ስምንት የእንጆሪ ቅጠሎች ሲደረደሩ፣ በማርኩዊሱ ላይ ግን አራት ቅጠሎችና አራት የብር እንክብሎች ይፈራረቃሉ።

ግርታው የሚመነጨው፣ እንደሚመስለኝ፣ ማዕረጉ ለሀገሩ ዘግይቶ የደረሰ በመሆኑ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1385 የኦክስፎርዱን ኧርል ሮበርት ደ ቪርን የደብሊን ማርኩዊስ አድርገው ሲሾሙት፣ ወዳጃቸው ከነባሮቹ ኧርሎች በላይ መቀመጡ መኳንንቱን አስቆጥቷል። ጆን ቦፎርትም በ1399 የተገፈፈው የዶርሴት ማርኩዊስነት እንዲመለስለት ፓርላማው በ1402 ሲለምንለት፣ ስሙ በዚህ መንግሥት እንግዳ ነው ብሎ እምቢ አለ፤ ሹመት የሚገፋ መኮንን መቼም ብርቅ ነው። በ1532 ደግሞ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አን ቦሊንን ከማግባታቸው በፊት የፔምብሮክን ማርኩዊስነት በራሷ ስም ሰጥተዋታል።

በአየርላንድ ማዕረጉ የፖለቲካ ውለታ መክፈያም ሆኗል። ከብሪታንያ ጋር መዋሐዱን የደገፉት የአልታሞንት ኧርል በ1800 የስላይጎ ማርኩዊስ ተብለዋል። አዲስ ማርኩዊስነት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጠረው በ1936 ሲሆን፣ የተሰጠውም የህንድ እንደራሴ ለነበሩት ለሎርድ ዊሊንግደን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ