የትኛውን ነጥብ ነው የምትሰርዙት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጂምናስቲክ የቡድን ውድድር ያወጣችሁትን አነበብኩ። ሌላውን ልተወው። «ዝቅተኛው ነጥብ ስለሚሰረዝ የጂምናስቱ ሱ ዌይዴ መውደቅ ቻይናን ሊጎዳት አይገባም ነበር» የምትለዋን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ከምኑ ላይ ነው የሚሰረዘው? በኦሎምፒኩ ማጣሪያ በእያንዳንዱ የመወዳደሪያ መሣሪያ ከቡድኑ አራት ሰው ይሠራል፣ የሦስቱ ምርጥ ነጥብ ይያዛል። እዚያ ይሰረዛል፣ እውነት ነው። ፍጻሜው ላይ ግን የሚሠሩት ሦስት፣ የሚደመረውም የሦስቱ ነው። ጸሐፊያችሁ ማጣሪያውን አይቶ ፍጻሜው ሳይጀመር እንቅልፍ ወሰደው መሰለኝ።

ፓሪስ 2024፣ የወንዶች ፍጻሜ። ወደ መጨረሻው መሣሪያ፣ ወደ አግዳሚው ዘንግ ሲሄዱ ቻይና ጃፓንን በ3.267 ትመራ ነበር፤ በዚህ ስፖርት ይሄ ሰፊ ነው። ከዚያ ሱ ዌይዴ ሁለቴ ወደቀ። አንድ መውደቅ ብቻውን 1 ሙሉ ነጥብ ያስቀንሳል። 11.600 ተሰጠው፣ እሱም ተደመረ። ጃፓን 259.594፣ ቻይና 259.062። እስቲ ቀንሱት፣ ሒሳቡ ለእናንተም አይከብድም፦ 0.532። አንዴ ብቻ ወድቆ ቢሆን ወርቁ የቻይና ነበር። ደግሞ ልጁ በተጎዳ ሰው ምትክ የገባ ነው። «ለምን እሱን አሰለፉት?» ብላችሁ አሰልጣኞቹን ብትጠይቁ ይገባኛል፤ የሌለ ሕግ ፈጥሮ መገረም ግን ምን ይባላል? በነገራችን ላይ የጃፓኑ ዳይኪ ሃሺሞቶም በዚያው ፍጻሜ «እጀታ ያለው ፈረስ» ከሚባለው መሣሪያ ላይ ወድቋል። የሱም ተደምሯል።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ቨርጂኒያ የምኖር፣ ቅዳሜና እሁዴን ጂም ወንበር ላይ የጨረስኩ እናት ነኝ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። አንድ ውድድር ላይ ከቢሙ፣ ማለትም ሚዛን ጠብቀው ከሚሠሩበት ቀጭን አግዳሚ፣ ወደቀች። ቡድኗ ውስጥ አራት ስለነበሩ የሦስቱ ተይዞ የሷ ቀረ፤ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ የኔ አልተቆጠረም» እያለች አለቀሰች። በሌላ ጊዜ አንዷ ታማ ሦስት ብቻ ሆኑ። አሁንም ወደቀች፣ ያኔ ግን ተቆጠረ። የዚያን ቀን አላለቀሰችም። ቤት እስክንደርስ መስኮቱን እያየች ዝም። ይቺ ልጅ የምታውቀውን ነገር ነው የስፖርት ክፍላችሁ ያላወቀው።

ለነገሩ ምን ይገርማል። ከኳስና ከሩጫ ሌላ የምትጽፉት በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ እሱንም «ትርኢት» ብላችሁታል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼም ሲደውሉ «ሰርከሱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እነሱን እታገሳለሁ፣ አክስቶቼ ናቸው። እናንተ ግን ጋዜጠኞች ናችሁ። እዚህ አካባቢ ልጆቹን በሌሊት ቀስቅሶ ወደ ውድድር የሚነዳው ሐበሻ ወላጅ ብዙ ነው፤ አንዳችንን እንኳ ደውላችሁ ብትጠይቁ በሁለት ደቂቃ እንነግራችሁ ነበር።

እርማት የምታወጡ ከሆነ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉት። ልጄ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው፣ እሷ ናት የምታነብልኝ።

የአንዲት ጂምናስት እናት፣ ከቨርጂኒያ