የሕንፃ ንድፎች የቆርቆሮ መጋዘን አይግቡ

ክቡር አዘጋጅ፦

በመሀል ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች ሲፈርሱና መሥሪያ ቤቶች ቢሮ ሲቀይሩ፣ በየቁም ሣጥኑ አናት ላይ የከረሙ የሕንፃ ፕላኖች እንደተጠቀለሉ ወደ ዳር ከተማ ይጫናሉ። ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መሰጠታቸው ደግ ነው። ነገር ግን «ካታሎግ እስኪሠራላቸው» ተብሎ በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በአያት በኩል ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ከከረሙ፣ ስጦታው ሳይነበብ ያልቃል። ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ጣሪያው ባያፈስ እንኳ ከውስጥ በኩል ላብ ቋጥሮ ያንጠባጥባል። ወረቀቱም ሲያብጥና ሲኮማተር ከርሞ ይሰባበራል።

በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል ከሰፊ መጋዘን ይበልጣል። ክፍሉ ከጣሪያ ሥር ወይም ምድር ቤት ባይሆን፣ ከላዩ መጸዳጃ ቤት ወይም የውሃ ቧንቧ ባይኖር፣ መደርደሪያውም ከውጭ ግድግዳ ራቅ ቢል ይመረጣል። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆኑን በአነስተኛ መለኪያ በየቀኑ መዝግቦ መከታተል ይቻላል።

በአንድ ጥቅል ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት ወረቀት ስለሚገኝ መለየቱ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሰማያዊ መደብና ነጭ መስመር ያለው ብሉፕሪንት አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) አይስማማውም። «አሲድ የለውም» ተብሎ የሚሸጠው ማኅደር ብዙ ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚጨመርበት ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል፤ ለብሉፕሪንት ካልሲየም ያልገባበት ገለልተኛ ወረቀት ይፈለግ። በአሞኒያ የታተመው ኮፒ ደግሞ ነጣ ያለ መደብ ላይ ሰማያዊ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ያለው ነው። በውስጡ የቀረው ኬሚካል ከዓመታት በኋላም አብሮት የተቀመጠውን ወረቀት ያበላሻል፤ ስለዚህ ለብቻው ይቀመጥ። ስታርች በተቀባ ጨርቅ ላይ የተሣለ ንድፍ ከሆነ ጠብታ ውሃ እንኳ ምልክት ይተውበታል።

የደረቀ ጥቅል በእጅ ተጎትቶ አይፈታ፤ ከጠርዙ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ፣ በላዩ ፍርግርግ ይቀመጥ፣ ጥቅሉ ውሃ ሳይነካው ፍርግርጉ ላይ ይረፍ። ለጥቂት ሰዓታት እየታየ ሲለሰልስ ይፈታና በሁለት መምጠጫ ወረቀት መካከል፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳና ክብደት ተጭኖበት ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ትሬሲንግ ወረቀት (ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ የንድፍ ወረቀት) እርጥበት ፈጥኖ ስለሚስብ ጊዜው ያጥርለታል፤ ሳይጫንበት ከደረቀ ይጨማደዳል። ሻጋታ ያለበት ወይም ቀለሙ በውሃ የሚለቅ ማኅተም የታተመበት ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሞከር። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍም ይቅር፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ላሚኔት ማድረግማ ፈጽሞ አይታሰብ።

ኤ ዜሮ የሚባለው ወረቀት 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መሳቢያው ከዚያ ሰፋ ይበል፤ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ በአንድ ማኅደርም ከ10 ሉህ በላይ አይታጨቅ። መሳቢያ የማይበቃው ንድፍ ዲያሜትሩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ ከውጭ ተጠቅልሎ ይጋደም፤ ከቆመ ጠርዙ ይጎዳል።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው «ስካን ተደርጓል» ተብሎ ዋናው ሲጣል ነው። ወረቀቱን እየጎተተ የሚያስገባ ስካነር ያረጀ ትሬሲንግ ይቀድዳል፤ ከላይ ሆኖ የሚያነሳ ካሜራ ይሻላል። አንድ ኤ ዜሮ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በቀለም ሲነሣ ሳይጨመቅ 420 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሺህ ሉህ 420 ጊጋባይት ማለት ነው፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። ወረቀት እኩል ስለማይኮማተር ከጎኑ ማስመሪያ አብሮ ይነሣ። ጀርባውም ይታይ፤ በትሬሲንግ ላይ ቀለሙንም የእርሳስ እርማቱንም ከጀርባ ማድረግ የተለመደ ነበር።

በካታሎጉ የዘመን አቆጣጠሩ ይለይ። አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው አርቱሮ መዘዲሚ፣ የንግድ ባንክን የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት የነደፈው አንሪ ሾሜት፣ ከአርክቴክት ሚካኤል ቴድሮስ ጋር የሠራው ዛልማን ኤናቭ የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ፣ በዚያ ዘመን በአንድ ፕላን ላይ የንድፉ ቀን በእነሱ፣ የፈቃዱ ማኅተም በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ሉሁ ላይ 1966 ብቻ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር የዐብዮቱ ዋዜማ ነው ወይስ የፈረንጆቹ ሆኖ በእኛ 1958? ካታሎጉ የተጻፈውን እንዳለ ይቅዳ፣ ማብራሪያውን ለብቻው ያስቀምጥ። በደርግ ዘመን ከፍተኛና ቀበሌ የነበረው አድራሻም ከዛሬው ክፍለ ከተማና ወረዳ ጋር ጎን ለጎን ይመዝገብ፤ ያለዚያ ቤቱን ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ወረቀቱን መስጠት መብቱን መስጠት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአርክቴክቱ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ርክክቡ ላይ ማን እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚያባዛ፣ ማን እንደሚያሳትም በጽሑፍ ይፈረም። የካዝና ክፍል የሚያሳዩ የባንክ ፕላኖችና የኤምባሲ ንድፎች ለማን እንደሚከፈቱም ሰጪው ከመሄዱ በፊት ይወሰን።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንሠራ የንድፍ መዝገብ ባለሙያዎች
ቃሊቲ