ቅሬያችን ደም ማቆምም ይማር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል። ቦታ ከጠበባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ስለ ቡናው ዱቄት የጻፍኩትን ግን አትንኩብኝ።

እኛ ወሎዎች ሰው ሲሞት የሚያክለን የለም። ጡሩምባው ከተነፋ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ የቀረ ይቀጣል። ይሄ ሁሉ የቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር፣ ሥራ ነው፣ ያኮራናል። ታዲያ ያው ሰው ከመሞቱ በፊት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ከባጃጅ ወድቆ ወይም እህል ሲያጭድ እግሩን ተቆርጦ ደሙ ሲፈስ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ያደርጋል? ይከብበዋል። አንዱ "ውሃ! ውሃ አምጡ!" ይላል፣ አንዱ በስልኩ ይቀርጻል፣ ሌላው የማን ልጅ እንደሆነ ያጣራል፣ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ እጅና እግሩን ይዘው ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈው ይከቱታል። ቁስሉን በእጁ የሚጫን ሰው ግን አይገኝም።

የምለው ይሄ ነው። የወሎ ቅሬዎች፣ የከተማውም የገጠሩም፣ አባሎቻቸውን ደም ማቆምና የቆሰለ ሰው አያያዝ ያሰልጥኑ። ዋና ዋናውን ለመልመድ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ለምን ቅሬ? የሚፈስ ደም ሐኪም እስኪደርስ ስለማይጠብቅ ነው። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ደላንታ ወይም ወረባቦ ገጠር ውስጥ በቃሬዛ ሸክም አስፋልት የሚደርሰውን ሰው አስቡት። ከተማ ያለነውም ብንሆን "ኮምቦልቻና ደሴ ቅርብ ነው" እንላለን እንጂ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ የወጣ ሰው ቅርበቱን ያውቀዋል። አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሊትሩ ከፈሰሰ፣ ማለትም አንድ ባለ ሊትር ሃይላንድ፣ ነገሩ ከሯል።

አሁን ወደ ቡናው። ወሎ ውስጥ ቡና የማይገባበት የለም፣ ለዱአውም ለእርቁም ለሐዘኑም ይፈላል፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ቁስል ላይ ግን ምን ሊሠራ ይገባል? ልጁ ተቆረጠ ሲባል የቡና ዱቄት በእፍኛቸው ይዘው የሚሮጡ እናቶች አሉን። "ደም ያቆማል" ይላሉ። ደሙ የቆመው ግን ብዙ ጊዜ ዱቄቱን ሲጠቀጥቁ በእጃቸው ስለተጫኑት ነው፣ ወይም ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ቆሟል። ምስጋናውን ቡናው ይወስዳል። ዱቄቱ ግን ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነርሷ ያንን ከሥጋው ውስጥ ስታጥብ ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል፣ የቁስሉን ጥልቀት ለማየትም ያስቸግራታል። አመድ፣ ቅቤ፣ ናፍጣ፣ ያው ናቸው። አፈርና እበት ደግሞ ይብሳሉ፣ የቲታነስ ጀርም የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። መንጋጋ ቆልፎ፣ ጀርባ ገትሮ የሚገድል በሽታ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ የገባበት ከሆነ ደሙ ቢቆምም ሰውየው ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ።

ለትንሽ ቁስል ንጹህ ውሃና ሳሙና በቂ ነው። ታጥቦ በንጹህ ጨርቅ ይሸፈናል፣ አለቀ። ውሻ ከነከሰ ግን ጭረትም ብትሆን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሐኪም ነው። እብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ብዙ የሚደማ ከሆነ ማጠቡ ይቆይና መጀመሪያ መጫን ነው። ጓንት ካለ ጓንት፣ ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ የሰው ደም በባዶ እጅ አይነካም። ነጠላም ሻሽም ሽርጥም ይሁን፣ የተገኘውን ንጹህ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ደሙ የሚመነጭበት ቦታ ላይ በመዳፍ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። እኛን የሚያቅተን መጫኑ አይደለም፣ ገልጦ አለማየቱ ነው። "ቆመ እንዴ?" እያልን ጨርቁን እናነሳለን፣ ያኔ መርጋት የጀመረው ደም አብሮ ይነሳና እንደ አዲስ ይፈሳል። ሰዓት አይታችሁ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ያዙ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርባችሁ አጠንክሩት። ሲቆም በፋሻ ወይም በነጠላ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጣቶቹ እንዳይቀዘቅዙና እንዳይደነዝዙ ግን እያያችሁ። ቢላ፣ ብረት ወይም መስታወት ከተሰካበት አትንቀሉት። የገባው ነገር ራሱ ደሙን ይዞት ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙን ተጫኑ፣ እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፉት፣ ነቀላው የሐኪም ነው። የኮምቦልቻ ብረት በያጆች፣ ይሄን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው፣ የግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በመንገዴ ላይ ስለ ነስርም ልበል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማንጋለል ይቅር፣ ደሙ ወደ ጉሮሮ ነው የሚወርደው። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨብጦ መያዝ ነው።

ማሰር የሚመጣው መጫኑ ካልሠራና ደሙ ከክንድ ወይም ከእግር እየተንፎለፎለ ከሆነ ነው። እኛ አገር ግን በሲባጎ፣ በሽቦ፣ በጫማ ክር ማሰር ተለምዷል፣ ይሄ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም። ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅ ይሁን። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ፣ ጉልበት ወይም ክርን ላይ ሳይሆን፣ ጠምጥማችሁ እሰሩት፤ ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አዙሩት፣ እንጨቱ እንዳይፈታ እሰሩት። ያማል፣ ይጮኻል፣ ይለምናችኋል፣ አትስሙት። የታሰረበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ጻፉ። "ትንሽ ይተንፍስ" ብሎ መንገድ ላይ መፍታት የለም፣ ሐኪም ይፈታዋል። እግሩ ይቆረጣል ብላችሁ አትፍሩ፣ 2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሰ እግሩ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደሙ ቆመ ማለት ግን ሰውየው ተረፈ ማለት አይደለም። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ነገር አለ። ደም ሲያንስ ሰውነት ያለችውን ለልብና ለአንጎል ለመቆጠብ ከቆዳው ይሰበስባል፣ ስለዚህ ፊቱ ይገረጣል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የልብ ምቱ ይፈጥናል ግን ደካማ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ይቁነጠነጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው እኛ "አሁን ተሻለው" የምንለው! ሆዱን የተመታ ሰው ደግሞ ጠብታ ደም ሳይታይበት ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል፣ ቆሞ ስለሄደ ብቻ ደህና ነው ተብሎ ቤቱ አይላክም።

እንዲህ ያለውን ሰው በጀርባው አስተኙት። እግሩ፣ ዳሌው ወይም አከርካሪው ካልተጎዳ እግሩን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉለት። ጋቢ ወይም ቡሉኮ አልብሱት፣ ከሥሩም አንጥፉለት፣ የደሴ መሬት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ራሱን ስቶ ግን የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ጎኑ አዙሩት፣ ምላሱና ትውከቱ እንዳያንቀው። ውሃም ምግብም አትስጡት። መከልከል እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ የተጠማን ሰው ውሃ መንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ግን ይሄ ሰው ኦፕራሲዮን ሊገባ ይችላል፣ ሊያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ከንፈሩን በራሰ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃዋል። አረቄውማ ጭራሽ አይነሳ። ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ አብሽር እያላችሁ አዋሩት። ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መክተት ይቅር፣ ቅሬው ቃሬዛ አለው፣ አይሱዙም ቢሆን ተኝቶ ይሄድበታል። የወጣ አጥንት መንገድ ላይ ጎትቶ ለመመለስ የሚሞክር ወጌሻ ካለም በአክብሮት ገለል አድርጉልኝ።

"ብነካው ፖሊስ ይይዘኛል፣ ምስክር እሆናለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሕጉ ግን ወደ ሌላ በኩል ነው የሚያየው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ አውቆ ትቶት የሄደውን ነው የሚቀጣው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች "ቅሬ ለሞት ነው፣ ሕክምና የመንግሥት ነው" ይላሉ። አክብሬ ልመልስላቸው። ይቺ ከተማ ቁስለኛ ስታነሳ የመጀመሪያዋ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሕክምና ሥፍራ እንኳ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ያየነውንም እናንተው ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልዘረዝርም። ደግሞስ ቅሬው ለቀብር የሚያወጣውን ገንዘብ ያህል ማን ጠየቀው? አንድ ሳጥን ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ መቀስና ሁለት ሰፊ ማሰሪያ፣ ከድንኳኑ ጋር ይቀመጥ። ቁልፉ ግን ሁልጊዜ ከሚጠፋው ሊቀመንበር ጋ አይሁን። የታክሲ ሾፌሮችም የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥናችሁን እስቲ ክፈቱት። እኔ ያየኋቸው ውስጥ ፒንሳ፣ የስልክ ቻርጀርና የደረቀ ፕላስተር ነው ያለው።

ማሠልጠኑን የቀይ መስቀል ቅርንጫፎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቁበታል፣ ጠይቋቸው። ማስታወቂያውም አይቸግርም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዴ፣ ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ አንዴ ከተነገረ ያልሰማ አይኖርም።

እናንተም አዘጋጆች በየሳምንቱ የማትጠፋዋን የኮከብ ቆጠራ ዓምድ ለአንድ ጊዜ ተዉልንና ደም አጫጫኑን በሥዕል አውጡት፣ ሥሩ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በትልቁ ይጻፍ። የኛ ሰፈር ቅሬ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፣ ለዚያ እኔ ኃላፊ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ